ካርል ሹርትስ፦ ከፍሳሽ ቦይ እስከ ሴኔት

ካርል ሹርትስ በ1829 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጀርመን ውስጥ፣ ኮሎኝ ከተማ አቅራቢያ ባለችው ሊብላር ተወለደ። አባቱ የመንደር አስተማሪ ነበር። ቦን ዩኒቨርሲቲ እየተማረ ሳለ የ1848ቱ አብዮት ፈነዳ፤ ትምህርቱን ትቶ ለሕገ መንግሥትና ለነፃነት ከሚታገሉት ጋር ተሰለፈ።

በሐምሌ 1849 የፕሩሲያ (ያኔ ከጀርመን መንግሥታት ትልቋ የነበረችው) ጦር አብዮተኞቹ የያዙትን የራሽታትን ምሽግ ከበበ። ምሽጉ እጅ ሲሰጥ ሹርትስ እንቢ አለ። የፕሩሲያ ተወላጅ ስለነበር ከተያዘ እንደሚረሸን ገምቷል። ከሁለት ጓዶቹ ጋር የከተማው ፍሳሽ መውረጃ ቦይ ውስጥ ገባ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ለቀናት ተደብቀው ደግመው ገቡ፤ ጎንበስ ብለው በጭቃው ውስጥ እየተጎተቱ ወጡና የራይንን ወንዝ ተሻግረው ፈረንሳይ ገቡ።

ሌላ ሰው ቢሆን ነፍሴ ተረፈች ብሎ አርፎ ይቀመጥ ነበር። እሱ ግን መምህሩ ጎትፍሪድ ኪንከል ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በርሊን አጠገብ ስፓንዳው ታስሮ ስለነበር፣ በሐሰት ስም ወደ ጀርመን ተመልሶ ገባ። አንድ ጠባቂ በገንዘብ አግባባ። በኅዳር 1850 አንድ ሌሊት ኪንከል በገመድ ወረደ፤ ሹርትስ ከታች ሆኖ ተቀበለው። ያኔ ገና 21 ዓመቱ ነበር።

በ1852 ለንደን ላይ ማርጋሬተ ማየርን አገባና በዚያው ዓመት አሜሪካ ገቡ። እንግሊዝኛ የለመደው በጋዜጣ ነው። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ ጀርመንኛ ይመልሳል፣ ከዚያ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይገለብጠዋል። በዚህ ትጋት በሁለት ቋንቋ ሕዝብ የሚያነቃንቅ ተናጋሪ ወጣው። ማርጋሬተም በ1856 ዊስኮንሲን ዋተርታውን ውስጥ በአሜሪካ የመጀመሪያ የሚባለውን መዋለ ሕፃናት ከፈተች። የእሷ ሥራ ከባሏ ዝና በታች መታየቱ አግባብ አይመስለኝም።

ሹርትስ ባርነትን አጥብቆ ይቃወም ነበር። በ1860 ጀርመን ስደተኞች ሊንከንን እንዲመርጡ ብዙ ቦታ ዞሮ ቀሰቀሰ። ስፔን በዲፕሎማትነት ተልኮ ብዙም ሳይቆይ ተመለሰና በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከሰሜኑ ወገን በጄኔራልነት ዘመተ፤ ጌቲስበርግም ላይ ተዋግቷል። በ1865 ጦርነቱ ሲያበቃ፣ ባርነት የነበረበትን ደቡቡን ተዘዋውሮ አየና ነፃ የወጡት ጥቁሮች ጥበቃ እንደሚሹ፣ የመምረጥ መብትም እንደሚያስፈልጋቸው ጻፈ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ሪፖርቱን አልወደዱትም።

በ1869 የሚዙሪ ሴናተር ሆነ፤ በጀርመን ተወልዶ ለሴኔት የበቃ የመጀመሪያው ሰው ነው። በ1872 አንድ ሴናተር «አገሬ ትክክልም ብትሆን ብትሳሳትም አገሬ ናት» ሲለው፣ «ትክክል ከሆነች ጸንታ እንድትኖር፣ ከተሳሳተች እንድትታረም» ብሎ መለሰ። የሚያሳዝነው፣ በዚያው ዘመን የፌዴራል መንግሥቱ በደቡብ ጣልቃ መግባቱን ተቃወመ። በ1865 ጥበቃ የጠየቀላቸው ሰዎች ያንን ጥበቃ ሲያጡ የእሱም እጅ ነበረበት።

ከ1877 እስከ 1881 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። በአሜሪካ ይህ መሥሪያ ቤት የሚይዘው የመንግሥትን መሬትና የነባር ሕዝቦችን ጉዳይ ነው። በፓርቲ ትውውቅ ይገኝ የነበረውን ሥራ በፈተና አደረገ፤ ደን የሚመነጥሩትን ተከታተለ። ከአገራቸው በግድ የተነሡት ፖንካ የተባሉ ነባር ሕዝቦች ተመልሰው እንዲሰፍሩ አለመፍቀዱ ግን ብዙ ወቀሳ አስከትሎበታል።

ወደ 70 ዓመቱ ሲጠጋ አሜሪካ ፊሊፒንስን መያዟን አወገዘ። በ1906 ኒውዮርክ ውስጥ አረፈ። ማንሃተን ውስጥ፣ ኢስት ወንዝ ዳር፣ በስሙ የተሰየመ መናፈሻ አለ።