ስለ ቴክኒክ ጽሑፍ ሥራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንዳሉት ባሉ የልብስ ፋብሪካዎች ከስፌት መኪናው ጎን የአሠራር መመሪያ፣ የደኅንነት ማስጠንቀቂያና የጥራት መቆጣጠሪያ ቅጽ አይጠፋም። እነዚህን ስለሚጽፈውና ስለሚያስተዳድረው ባለሙያ የሚነገረው ግን አብዛኛው ግምት ነው።

«እንግሊዝኛ የሚችል ሁሉ መመሪያ ይጽፋል።»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ቅጥሩን ከሥሩ ያበላሻልና። መርፌ መቀየርን እንውሰድ። ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ጸሐፊ «መኪናውን አጥፍቶ መርፌውን መቀየር» ብሎ ያልፋል። አጠገቡ ቆሞ ያየ ግን ሁለት ነገር ይጨምራል። አንደኛ፣ ክላች ሞተር (ፔዳል ሲረገጥ ኃይሉን ወደ መርፌው የሚያስተላልፍ ሞተር) ማብሪያው ከጠፋ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ይዞራል፤ በዚያ መካከል ፔዳሉን የነካች ኦፕሬተር ጣቷን ልትወጋ ትችላለች። ሁለተኛ፣ በተለመደው ባለ አንድ መርፌ የፋብሪካ መኪና የመርፌው ረጅም ቦይ ወደ ግራ መሆን አለበት፤ ከተዛባ ስፌቱ ይዘላል፣ ክሩም ይበጠሳል። ማስጠንቀቂያ ከእርምጃው በፊት ይቀመጣል፤ ከሥሩ የተጻፈው የሚነበበው ጣት ከተወጋ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ የሚገኘው ከመካኒኩና ከኦፕሬተሯ ነው። የሥራው ትልቁ ክፍል መጠየቅ፣ ማየትና የተጻፈውን መልሶ በእነርሱ ማስፈተሽ ነው።

«ሰነዱ ከጸደቀ ሥራው አለቀ።»

«የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ ሁለት»፣ «ትክክለኛው የመጨረሻ» የሚሉ ፋይሎች ጎን ለጎን የሚቀመጡት በዚህ እምነት ነው። ዓለም አቀፉ የጥራት ሥራ አመራር ደረጃ አይኤስኦ 9001 (የ2015 እ.ኤ.አ. እትም) ሰነድ ተለይቶ እንዲታወቅ፣ እንዲጸድቅና ለውጡ ቁጥጥር እንዲደረግበት ይጠይቃል። በእኛ አገር የዘመን አቆጣጠሩም ተጨማሪ ራስ ምታት ነው። «መስከረም 2017» እና «ሴፕቴምበር 2024» የተጻፈባቸው ሁለት ቅጂዎች የአንድ ሳምንት ሥራ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ኮምፒውተሩ በዓመት ሲደረድራቸው ግን አንዱን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይወረውረዋል። ስለዚህ የእትም ቁጥር ይጻፍ፣ ቀኑም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይገለጽ። አዲሱን ቅጂ መላክም ብቻውን አይበቃም፤ ግድግዳው ላይ በፕላስተር የተለጠፈውን አሮጌ ወረቀት ሄዶ የሚነቅለው ማን እንደሆነ በስም መታወቅ አለበት።

«ጥሩ ሶፍትዌር ከተገዛ ችግሩ ይፈታል።»

አንድን ማስጠንቀቂያ አንድ ቦታ ጽፎ በብዙ መመሪያዎች ውስጥ ለመጠቀም የሚያስችሉ ሥርዓቶች እንዳሉ እውነት ነው። አይቢኤም የጀመረውና በ2005 እ.ኤ.አ. ኦኤሲስ የተባለው ስታንዳርድ አውጪ ድርጅት ያጸደቀው ዲታ (DITA) የተባለው የሰነድ አዘገጃጀት ስታንዳርድ ለዚሁ የተሠራ ነው። ይሁን እንጂ የትኛው ሰነድ የማን እንደሆነ ባልተለየበት መሥሪያ ቤት ሶፍትዌሩ ዝርክርኩን በፍጥነት ያባዛል። ለትንሽ ክፍል ባለቤቱን፣ እትሙንና የሚከለስበትን ቀን የያዘ የኤክሴል ሰንጠረዥ ይበቃል።

«ትርጉሙ በመጨረሻ ይደርሳል።»

አይደርስም። በሐዋሳ አንድ ማስታወቂያ በአማርኛም በሲዳሙ አፎም ሊያስፈልግ ይችላል። ሲዳሙ አፎ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ የገጹ አቀማመጥና የሥዕሉ መግለጫ ከመነሻው ሊታሰብባቸው ይገባል። አንዱን የመኪና ክፍል በሦስት ስም የጠራ መመሪያ ደግሞ ከተርጓሚው እጅ ስድስት ስም ይዞ ይወጣል።

«መመሪያ የሚያነብ የለም።»

ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ የለም፤ ልክ ነው። ሰው የሚከፍተው መኪናው ሲቆምበት ነው። «ክር ሲበጠስ» የሚል ርዕስ ካገኘ ያነባል፤ መፍትሔው «አጠቃላይ መረጃ» ሥር ከተቀበረ ግን መካኒኩን ይጠራል።