የጅማ ከተማ የመንግሥት መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

መካከለኛ ደረጃ የሚባለው 7ኛና 8ኛ ክፍል ነው። ጅማ ውስጥ ይህ እርከን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በሚያስተምር ግቢ ውስጥ ስለሆነ፣ ትምህርት ቤቶቹን ለማወዳደር ሁለቱን ክፍሎች ከቀሩት ነጥሎ ማየት ያስፈልጋል። ግቢው ስም ያለው ሆኖ 7ኛው ክፍል የተዳከመ ሊሆን ይችላል።

እርከኑ አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ የትምህርቱ አወቃቀር 6-2-4 ነበር፤ 7ኛና 8ኛ ያኔ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ይባሉ ነበር። በደርግ ዘመን ተማሪው ሲበዛ ፈረቃ ተስፋፋ። የ1986 ዓ.ም. ፖሊሲ ሁለቱን ክፍሎች ወደ አንደኛ ደረጃ ጠቀለላቸው፤ በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ደግሞ መልሶ ለያቸው። ጅማ በትምህርት የቆየ ስም ያላት ከተማ ናት፦ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤቷ በ1940ዎቹ ተከፍቶ በኋላ የጅማ ዩኒቨርሲቲ አንድ አካል ሆኗል፤ የመምህራን ማሠልጠኛዋም ለምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ብዙ መምህራን አፍርቷል። የሚያዝያ 27 ትምህርት ቤት ስምም የ1933ቱን የድል ቀን እስከ ዛሬ ያስጠራል።

ለንጽጽር የተሻለው ሰነድ የኢንስፔክሽን፣ ማለትም ትምህርት ቤቶች ደረጃ የሚሰጣቸው ምዘና፣ ውጤት ነው። ምዘናው 26 ስታንዳርዶች አሉት፤ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 በመቶ ይይዛሉ። ከ50 በታች ያገኘ ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 የደረሰ ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ደረጃ 4 ይባላል፤ ስታንዳርዱን አሟላ የሚባለው ከደረጃ 3 ጀምሮ ነው። ችግሩ ሰው የሚጠይቀው ድምሩን ብቻ መሆኑ ነው። ሁለት ትምህርት ቤቶች እኩል ደረጃ 2 ሆነው አንዱን የጎተተው የቤተ ሙከራና የመጽሐፍ እጥረት፣ ሌላውን ደግሞ የማስተማሩ ሂደት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው በጀት ሲገኝ ይስተካከላል፤ ሁለተኛው ግን ወንበር ስለተጨመረለት አይሻሻልም። ስለዚህ በወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት) ስብሰባ ላይ ርዕሰ መምህሩን የግብዓቱን፣ የሂደቱንና የውጤቱን ነጥብ ለየብቻ መጠየቅ ይገባል።

የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና፣ በቀድሞ ስሙ ሚኒስትሪ፣ ብዙ ወላጅ የሚተማመንበት መለኪያ ነው። የማለፊያ መቶኛው ግን የሚሰላው ለፈተና ከተቀመጡት ነው፤ በዓመቱ መሀል ያቋረጠ ተማሪ ከስሌቱ ውጭ ነው። መስከረም ላይ በ8ኛ ክፍል የተመዘገቡትን ለፈተና ከተቀመጡት ጋር ማስተያየት የተሻለ ሥዕል ይሰጣል። በተለይ በከተማዋ ዳርቻ ባሉ ቀበሌዎች፣ የቡና ለቀማው ወር ሲመጣ ቀሪ ይበዛል፤ ከዚያ ወዲያ የማይመለስም አለ።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ትልቁ ለውጥ የታየው በሳይንስ ነው። ቀድሞ በ7ኛና 8ኛ ለየብቻ ይሰጡ የነበሩት ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ አሁን አጠቃላይ ሳይንስ በሚል አንድ ትምህርት ሆነዋል። መምህራኑ ግን በዲፕሎማ የሠለጠኑት በአብዛኛው በአንዱ ነው። የባዮሎጂ መምህር ስለ ሕዋስ ሦስት ሳምንት አስተምሮ የፊዚክሱን ምዕራፍ በማስታወሻ ብቻ ሊያልፈው ይችላል። ይህን ለማየት ግንቦት ላይ የተማሪውን ደብተር ማገላበጥ ይበቃል፦ የተሠራ የስሌት ጥያቄ ከሌለበት ያ ምዕራፍ አልተማረም ማለት ነው። ጠንካራ የሚባሉት ትምህርት ቤቶች ምዕራፎቹን ለሦስት መምህራን ያከፋፍላሉ፤ ይህ አሠራር ክፍለ ጊዜ ማመቻቸት ቢጠይቅም ውጤቱ ግልጽ ነው።

ፈረቃ ባለበት ትምህርት ቤት የጠዋትና የከሰዓት ተማሪ እኩል ሰዓት አያገኝም። የጅማ ዝናብ ከሰዓት ይበረታል። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናቡ ሲጀምር የመምህሩ ድምፅ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም፤ ያለው አማራጭ በሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስገልበጥ ብቻ ነው። ፈረቃው በየጊዜው የሚቀያየር ከሆነ ጉዳቱ ይከፋፈላል። በክፍል ከ50 በላይ ተማሪ ካለ ደግሞ የቤት ሥራ እርማት በምልክት ብቻ ይቀራል።

የማስተማሪያ ቋንቋው ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በቁቤ የሚጻፈው አፋን ኦሮሞ ሲሆን በከተማዋ በአማርኛ የሚማሩም አሉ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉም ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። የቁቤ ተማሪ የላቲን ፊደል ስለለመደ ይቀለዋል የሚሉ አሉ፤ አንዳንዶቹ ፊደላት በሁለቱ ቋንቋዎች የተለያየ ድምፅ ስላላቸው ይህ የሚያስማማ አይመስልም። የሚያጠራጥር ያልሆነው፣ 7ኛና 8ኛ ላይ የእንግሊዝኛ ንባብ በየሳምንቱ ሳይቋረጥ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ተማሪው 9ኛ ክፍል ሲገባ አለመደናገጡ ነው። ከዚያ በኋላ ጅሬን ወይም ሰቶ ሰመሮ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ የመጀመሪያው ፈተና ቋንቋው ነው።

ለ7ኛ ክፍል ምዝገባ የ6ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ያስፈልጋል፤ ከሌላ ትምህርት ቤት ለሚዛወር መሸኛም ይጨመራል። ሰነዱን ከመስከረም በፊት ማውጣት ይሻላል፤ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ የቀድሞውን ትምህርት ቤት ሬከርድ ክፍል ደጋግሞ መመላለስ ይመጣል። የማስተማሪያ ቋንቋ የሚቀየር ከሆነ ግን በ8ኛ ክፍል ላይ ማድረግ አይመከርም፤ ተማሪው የትምህርቱን ቃላት ሳይለምድ ክልላዊው ፈተና ይደርስበታል።