በፔናልቲ አሸንፈው መዝገቡ ላይ «አቻ»?

የአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶች እግር ኳስ ላይ ብዙ ሰው ግራ የሚያጋባው ነገር ይሄ ነው። ጥቅምት ላይ ኮንፈረንሶች፣ ማለትም አብረው የሚወዳደሩ የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች፣ የራሳቸውን ጥሎ ማለፍ ያደርጋሉ። በመደበኛው ውድድር ከ2022 ጀምሮ ጭማሪ ሰዓት የለም፣ 90 ደቂቃው አቻ ካለቀ አለቀ። በጥሎ ማለፉ ግን አንዱ የግድ መውጣት ስላለበት ሁለት ጊዜ 10 ደቂቃ ይጨመርና ካልተለየ ፔናልቲ ይመታል። ያሸነፈው ያልፋል፣ ጨዋታው ግን በይፋ አቻ ተብሎ ይመዘገባል። የ2021 የሀገር አቀፍ ፍጻሜ እንኳን 0 ለ 0 ነው የተጻፈው፤ ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲን (ቢዋይዩ) 4 ለ 3 በፔናልቲ ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ፣ ቢዋይዩ ግን መዝገቡ ላይ አልተሸነፈም። ለእኔ ትክክል ነው፣ ፔናልቲ ዕጣ ቢጤ ነው።

ሌላው ደግሞ የኮንፈረንሱን ዋንጫ ያነሳ 64 ቡድኖች ወደሚሳተፉበት የሀገር አቀፍ ውድድር በቀጥታ መግባቱ ነው። የቀረውን ቦታ ኮሚቴ ይመርጣል። ስለዚህ መሸነፍ ሁሌ ከጨዋታ ውጪ አያደርግም፦ በ2024 ኤሲሲ የሚባለውን ኮንፈረንስ ዋንጫ ፍሎሪዳ ስቴት ወስዶ ሳለ የሀገሪቱ ሻምፒዮን የሆነው ከዚያው ኮንፈረንስ ኖርዝ ካሮላይና ነው። ትንሽ ኮንፈረንስ ውስጥ ላለ ቡድን ግን አብዛኛውን ጊዜ በሩ ያው ዋንጫ ብቻ ነው።