አርኦቪ ምንድን ነው? የባሕር ወለል ቧንቧ የሚፈትሸው ሮቦት

ላንገሌድ የሚባል የጋዝ ቧንቧ አለ። ከኖርዌይ ተነስቶ በሰሜን ባሕር ወለል ላይ 1,166 ኪሎ ሜትር ተጉዞ እንግሊዝ ይገባል። ይህን ሁሉ ርቀት ውኃ ውስጥ ተጋድሞ መዛጉን፣ መመታቱን፣ ከሥሩ አሸዋው መሸርሸሩን ማን ያይለታል? ጠላቂ ዋናተኛ አይዘልቀውም። በየ10 ሜትሩ አንድ ተጨማሪ የከባቢ አየር ግፊት ይጫናል፤ 300 ሜትር ላይ ግፊቱ እኛ ከለመድነው ከ30 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ የሚላከው ሮቦት ነው። በሙያው ሰዎች ዘንድ አርኦቪ ይባላል፤ ከርቀት የሚነዳ የውኃ ውስጥ ተሽከርካሪ ማለት ነው።

ሮቦት ስለተባለ ግን ራሱን የሚያዝ ብልህ ማሽን እንዳይመስላችሁ። የብረት ፍሬም ነው። ከላይ እንዳይሰምጥ የሚያነሳው ብዙውን ጊዜ ቢጫ የሆነ ጠንካራ ፎም አለው። ከጎንና ከኋላ ውኃ እየገፉ የሚያንቀሳቅሱት ሞተሮች፣ ከፊት መብራት፣ ካሜራና የብረት ክንድ ተገጥመውለታል። መኪና የሚያክል አለ፣ አንድ ሰው በእጁ የሚያነሳውም አለ። የሚነዳው መርከቧ ላይ ካለ ኮንቴይነር ውስጥ ነው። ጆይስቲክ የያዘ ሰው ስክሪን ላይ አፍጥጦ ይነዳዋል።

ሁለቱን የሚያገናኛቸው ኬብል ነው። ኤሌክትሪክ ይወርድበታል፣ ቪዲዮ በፋይበር ኦፕቲክ ይወጣበታል። በዚህ ዘመን ኬብል ምን ይሠራል ትሉ ይሆናል። የሬዲዮ ሞገድ ጨዋማ ውኃ ውስጥ ብዙ ሳይርቅ ይሞታል፤ ጂፒኤስም እዚያ አይደርስም። ርቆ የሚሄደው ድምፅ ነው፤ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ። የሮቦቱ ቦታ የሚታወቀውም በድምፅ ነው። መርከቧ ድምፅ ትልካለች፣ ሮቦቱ ይመልሳል፣ ኮምፒውተሩ ከጊዜውና ከአቅጣጫው ያሰላል። ቦታ ለማወቅ ይበቃል፤ ጥርት ያለ ቪዲዮ በቀጥታ ለማሳየት ግን ድምፅ አቅም የለውም። ስለዚህ ሮቦቱ እንደ ታሰረ በግ ነው፤ የሚግጠው ገመዱ እስከደረሰለት ድረስ ብቻ ነው። መርከቧም ከላይ ከላይ ትከተለዋለች። የፍተሻው ዋና ወጪ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሮቦቱ ሳይሆን መርከቧና በላይዋ ያሉት ሠራተኞች ናቸው ገንዘቡን የሚበሉት።

ሥራው ራሱ አድካሚ ነው። ሮቦቱ ቧንቧውን ተከትሎ በዝግታ ይሄዳል። አንድ ካሜራ ከላይ፣ ሁለቱ ከግራና ከቀኝ ይቀርጻሉ። ሶናር፣ ማለትም በድምፅ ማሚቶ የሚሠራ መሣሪያ፣ የወለሉን ቅርጽ ይለካል። ስክሪኑ ፊት የተቀመጠው ባለሙያ ያየውን ሁሉ እየመዘገበ ይቀጥላል፦ የተጠላለፈ መረብ፣ የተቦረቦረ የኮንክሪት ሽፋን፣ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ያህል ድጋፍ ያጣ ቧንቧ። ይህ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም። የባሕሩ ጅረት ከሥር አሸዋውን ሲጠርገው ቧንቧው ያለ ድጋፍ ይቀራል። ከዚያ ያው ጅረት ሲያልፍበት ያንቀጠቅጠዋል። ብረት ደግሞ ለዓመታት ሲንቀጠቀጥ ይደክማል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል።

ለእኔ ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የመርፌዋ ሥራ ነው። ቧንቧው እንዳይዝግ በየተወሰነ ርቀት ወፍራም የአሉሚኒየም ቅይጥ ቀለበት ይታሰርበታል። አኖድ ይሉታል። ባሕሩ ብረቱን ትቶ እሱን እየበላ ይኖራል። ምን ያህል እንደቀረው ለማወቅ ዓይን ብቻ አይበቃም። ሮቦቱ ክንዱን ዘርግቶ መርፌ የመሰለ ሹል መለኪያ በቀለበቱ ላይ ይተክላል። የለበሰውን ዛጎልና አረም ሰንጥቆ ንጹሕ ብረት መንካት አለበት። ጅረቱ ይገፋዋል። ሞተሮቹ ትንሽ ከበረቱ ደለሉ ይነሳና ስክሪኑ ነጭ ይሆናል። ያኔ እስኪጠራ መጠበቅ ነው። መርፌዋ በትክክል ከነካች ቁጥር ትሰጣለች፤ ጤነኛ አኖድ ኔጋቲቭ 1,000 ሚሊቮልት አካባቢ ያነባል። የቧንቧው ብረት ከኔጋቲቭ 800 ወደ ዜሮ መቅረብ ከጀመረ መከላከያው እየላላ ነው፣ ዝገት ሊገባ ነው።

እነዚህ ማሽኖች የዛሬ ልጆች አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1966 ስፔን አጠገብ ሁለት የአሜሪካ አውሮፕላኖች ተጋጭተው አንድ የሃይድሮጅን ቦምብ ባሕር ገባ። ከ850 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ወርዶ የያዘው ከርቭ የተባለ በኬብል የሚነዳ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ማሽን ነበር። በቦምቡ ፓራሹት ተተብትቦ ሁለቱም አንድ ላይ ተጎትተው ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዲፕዋተር ሆራይዘን የተባለው መቆፈሪያ መድረክ የቆፈረው ጉድጓድ ነዳጅ ሲተፋ፣ ዓለም በቀጥታ ያየው በአርኦቪ ካሜራ ነው። እዚያ 1,500 ሜትር ጥልቀት ላይ ቫልቭ ለመዝጋት የታገሉትም እነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከሩሲያ ወደ ጀርመን የተዘረጋው የኖርድ ስትሪም ጋዝ ቧንቧ ከፈነዳ በኋላ አንድ የስዊድን ጋዜጣ ብሉአይ የተባለው የኖርዌይ ኩባንያ የሠራትን ትንሽ ድሮን 80 ሜትር ድረስ አውርዶ ቀረጸ። ቢያንስ 50 ሜትር ያህል ቧንቧ ከቦታው እንደሌለ የታየው ያኔ ነው።

ነገሩ የጋዝ አገሮች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። የኢንተርኔት ኬብል የሚቀብሩትና ሲበጠስ በጥገናው የሚያግዙት የእነዚሁ ማሽኖች ዘመዶች ናቸው። የኢትዮጵያ ኢንተርኔትም በጅቡቲ በኩል ከባሕር ኬብል ጋር ይገናኛል።

አሁን ትግሉ ገመዱን ለመበጠስ ነው። ኤዩቪ የሚባሉት በባትሪ የሚሄዱ፣ መንገዳቸው አስቀድሞ የተሞላላቸው ገመድ አልባ ሮቦቶች ናቸው። የኖርዌዩ ኮንግስበርግ ኩባንያ የሠራው ሁጊን በዚህ ይታወቃል። ፈጣን ናቸው፤ ረጅም ቧንቧ ለማየትና ለመለካት ይመረጣሉ። ቫልቭ ማዞር ወይም አረም ማጠብ ሲመጣ ግን አሁንም የሚጠራው ባለገመዱ ነው። ቀጣዩ ሐሳብ ሮቦቱ ባሕር ወለል ላይ ቤት ሠርቶ እዚያው እንዲኖር ማድረግ ነው። ትሮንድሄም ውስጥ የተጀመረው ኢሉሜ እባብ የሚመስል ሮቦት ሠርቷል። የጣሊያኑ ሳይፔምም ሃይድሮን-አር የተባለውን ንዮርድ ለተባለው የኖርዌይ የባሕር ላይ ነዳጅ መስክ አዘጋጅቷል። እዚያው ባትሪውን ይሞላል፣ የቀረጸውንም ከማረፊያው ወደ ላይ ይልካል። ነጂው የብስ ላይ ካለ ቢሮ ሆኖ ሊያዘው ይችላል። መርከብ የሚከራዩት ጥገና ሲያስፈልግ ብቻ ይሆናል።