የአሜሪካ ኮስት ጋርድ (የባሕር ዳርቻ ጥበቃ) የተመሠረተው በ1790 ነው ወይስ በ1915?

ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆኑ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ስሙ የመጣው ሥራው ከተጀመረ ከ125 ዓመት በኋላ ነው።

ኦገስት 4 ቀን 1790 ኮንግረስ በገንዘብ ሚኒስትሩ በአሌክሳንደር ሃሚልተን ጥያቄ 10 ጀልባዎች እንዲሠሩ ፈቀደ። ወጪው ከ10,000 ዶላር እንዳያልፍ ሕጉ ራሱ ገደበ። በየጀልባዋ አንድ አዛዥ፣ ቢበዛ ሦስት ረዳቶች፣ አራት መርከበኞችና ሁለት በሥራ የሚያግዙ ልጆች ይሳፈሩ ነበር። ሥራቸው ቀረጥ ማስከበር ነበር፦ ወደ አሜሪካ የሚመጣ መርከብ ከዳርቻው 4 ሊግ፣ ማለትም 12 ኖቲካል ማይል ገደማ ሲደርስ ተሳፍረው የጭነት ዝርዝሩን ይጠይቃሉ፣ ይፈትሻሉ፣ ዕቃው በድብቅ እንዳይራገፍ የጭነት ክፍሉን መግቢያ ያሽጋሉ። ብዙዎች እነዚህን ጀልባዎች ከባሕር ኃይል ጋር ያምታታሉ። የባሕር ኃይል ሚኒስቴር የተቋቋመው በ1798 ሲሆን ጀልባዎቹ ግን ለገንዘብ ሚኒስቴር ነበር የሚታዘዙት።

ጃንዋሪ 28 ቀን 1915 ጀልባዎቹ የነበሩበት የገቢ ጥበቃ አገልግሎት ከሕይወት አድን አገልግሎት ጋር ተዋህዶ «ኮስት ጋርድ» ተባለ። በ1939 የተጨመረው የመብራት ቤቶች አገልግሎት በ1789 ሕግ የተጀመረ ስለሆነ በዕድሜ ይቀድማል፤ ልደቱ የሚከበረው ግን በጀልባዎቹ ቀን ነው። ስለዚህ ከ1915 በፊት ስለነበረ መርከብ ስትጽፉ «የገቢ ጥበቃ» በሉት።