የከረመን ፈረስ ወደ ኮርቻ መመለስ ምንድን ነው?

ሰኔ ሲገባ ኮርቻው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይከርማል፤ ፈረሱም መስኩን ለብቻው ይዞ ይግጣል። መስቀል አልፎ ጭቃው ሲጠጥር ጌታው የጥምቀትን ጉግስ ማሰብ ይጀምራል። የአዊ ሰው ከሆነ ደግሞ ጥር 23ን ያስባል፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ የሚደምቅበት ቀን ነው። ፈረሱ ወፍሯል፤ ጠጉሩ ያብረቀርቃል። ታዲያ ዛሬውኑ ጭኖ ቢጋልበውስ? መሮጡንማ ይሮጣል፤ ጣጣው የሚመጣው ከሮጠ በኋላ ነው።

ወደ ኮርቻ መመለስ ማለት ለወራት ያረፈ ፈረስ ሰው ተሸክሞ እንዲሠራ ገላውን ቀስ በቀስ ማዘጋጀት ነው። ከመግራት ይለያል። የሚገራ ፈረስ ልጓምን፣ እርካብንና የሰው ክብደትን ገና ይማራል፤ የከረመው ግን ይህን ሁሉ ያውቃል። እንዲያውም የሚያሳስተን ዕውቀቱ ነው። ትእዛዙን እንደ አምናው ሲቀበል ጉልበቱም የአምናው ይመስለናል።

ጉልበቱ ደግሞ በአንድ ጊዜ ተጠቃሎ አይመለስም። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይበረታሉ፤ ጡንቻ ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል። ደም በብዛት የማይደርሰው ጅማትና ቀስ ብሎ የሚጠነክረው አጥንት ወደኋላ ይቀራሉ፤ ዕረፍቱ ረጅም ከነበረ ግማሽ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስዱ ይችላሉ። በአራተኛው ሳምንት ፈረሱ ሳያለከልክ ሲሮጥ ያየ ጌታ «በቃ፣ ደረሰልኝ» ይላል። ሳንባው ደርሷል፤ ጅማቱ ገና መንገድ ላይ ነው።

ከመጫን በፊት ሰኮናው ይታይ። በወር አንድ ሣንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ክረምቱን ሳይከረከም የቆየ ሰኮና ረዝሞ የእግሩን አቋም አበላሽቶት ይሆናል። ቀጥሎ ጀርባው። ሥራ የፈታ ፈረስ ሆዱ ቢሰፋም የጀርባው ጡንቻ ይሟሽሻል፤ አምና ልክ የነበረው ኮርቻ ዘንድሮ ወርዶ ከጋማው ማለቂያ ያለውን የአጥንት ጉብታ ይጫናል። ከኮርቻው ሥር እጅን ሰድዶ መዳሰስ ነው። ገጣባ የሆነ ጀርባ እስኪድን ድረስ ሌላው ዕቅድ ሁሉ ይቆማል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት እርምጃ ብቻ ናቸው፦ ከ20 ደቂቃ ተጀምሮ ቀስ እያለ ወደ አንድ ሰዓት። አሰልቺ ነው፤ ጎረቤት «ፈረስህን ለቅሶ ልትወስደው ነው?» ሊል ይችላል። ይበል። ከዚያ በለስላሳና በቀጥተኛ መሬት ላይ አጭር ሶምሶማ ይገባል፤ ቀጥሎ ዳገት፤ ግልቢያ ከሁለት ወር ወዲያ ቢሆን ይመረጣል። ጊዜውንና ፍጥነቱን በአንድ ሳምንት አብሮ መጨመር አይገባም።

ልቡን ለመቁጠር ሁለት ጣትን ከመንጋጋው ሥር ካለው የደም ሥር ላይ አሳርፎ በ15 ሴኮንድ የተቆጠረውን በአራት ማባዛት ይበቃል። በዕረፍት ላይ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ነው። ሥራ ቆሞ አሥር ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላም ከ60 በላይ ከሆነ የዚያ ቀን ሥራ በዝቶበታል ማለት ነው።

አጎቴ ግን ቁጥር አያውቅም ነበር። ማታ ማታ ጋጣው ውስጥ ቁጢጥ ብሎ የፈረሱን የፊት እግሮች ከጉልበት በታች በስተኋላ በመዳፉ ወደ ታች ይዳብሳል፤ መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን። ጅማቱ ቀዝቃዛና እንደ ጠፍር የጠበቀ መሆን አለበት። አንደኛው ከሌላኛው ከሞቀው ወይም ካበጠ በማግስቱ ኮርቻው ከግድግዳ አይወርድም ነበር። ፈረሱ እስኪያነክስ መጠበቅ ለእሱ ስንፍና ነው።

ገብስም በልክ ነው፤ መኖ ሥራን ይከተላል እንጂ አይቀድመውም። የድሮ ባለ ጋሪ አውሮፓውያን «የሰኞ ጠዋት በሽታ» የሚሉት ነገር ነበራቸው፦ እሑድ ሳይሠራ ሙሉ እህሉን እየበላ የዋለ ፈረስ ሰኞ ሲጠመድ ያልበዋል፣ የኋላ እግሮቹ ይገትራሉ፣ ሽንቱ እንደ ቡና ይጠቁራል። ያን ጊዜ «ይፍታታ» ብሎ መጎተት ጡንቻውን ይብስ ይጎዳዋል። እዚያው አቁሞ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ነው። ያረፈው በጉዳት ምክንያት ከሆነም መርሐ ግብሩን የሚያወጣው ሐኪሙ ነው።

ጉግስ ከሁሉም የመጨረሻው ይሁን። በሙሉ ግልቢያ ላይ ድንገት መቆምና መታጠፍ ጅማትን የሚፈትነውን ያህል ቀጥታ ሩጫ አይፈትነውም። ከመስቀል ማግስት የጀመረ ሰው እስከ ጥምቀት 16 ሳምንት ገደማ አለው፤ ለአንድ ክረምት ዕረፍት ይበቃዋል። ኅዳር አጋማሽ ላይ የነቃ ግን የቀረው 8 ሳምንት ነው። እሱ ፈረሱን አሸብርቆ ታቦቱን በእርምጃ ያጅብ፤ ጉግሱን ለከርሞ ያቆየው።