«ቤዙ ይመታል!»፦ ስለ ገለልተኛ ማጫወቻ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሙዚቃ ማጫወቻ ልገዛ ሱቅ ገባሁና «ከራሱ የማይጨምር፣ የማይቀንስ አለህ?» ብዬ ጠየቅኩ። ልጁ ትንሽ አየት አደረገኝና «ይሄ ቤዙ ይመታል!» አለኝ። አልፈርድበትም። ገለልተኛ ድምፅ የሚባለው ነገር ላይ ሻጩም ገዢውም ተምታቶብን ነው የምንገበያየው።

«ገለልተኛ ማለት ቤዝ የሌለው፣ ደረቅ ድምፅ ነው»

አይደለም። ገለልተኛ ማጫወቻ ፋይሉ ላይ ያለውን ቤዝ እንዳለ ይሰጣችኋል። ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ፣ ማለትም ጆሮ የሚሰማውን ሁሉ፣ አንዱን ሳያጎላ ሌላውን ሳያደበዝዝ ያሳልፋል። ደረቅ ሆኖ ከተሰማችሁ ወይ ቀረጻው ነው፣ ወይ ኢርፎኑ ነው፣ ወይ ደግሞ ጆሯችሁ ለዓመታት የኢኮላይዘር (የድምፅ ማስተካከያ) ቤዝ ለምዷል። አንዳንድ ስልክና ማጫወቻ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ የድምፅ ማሳመሪያው በርቶ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ እሱን አጥፉት።

«ዋናው ውስጡ ያለው ቺፕ ነው»

ማስታወቂያው ሁሉ የሚጮኸው ስለ ዳክ ቺፕ ነው፤ ዲጂታሉን ፋይል ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ስለሚቀይረው። በደንብ ከተሠሩ የዛሬ ቺፖች መካከል ግን ልዩነቱን በጆሮ መያዝ በጣም ከባድ ነው። ድምፁን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ማንም የማይጠይቀው ቁጥር ነው፦ የማጫወቻው የመውጫ ኢምፒዳንስ። ኢምፒዳንስ ማለት ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው ተቃውሞ ነው፤ የሚለካው በኦም ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። ባለ ብዙ ድራይቨር (በውስጣቸው ብዙ ትንንሽ ስፒከር ያላቸው) ኢርፎኖች ኢምፒዳንሳቸው እንደየድምፁ ይዋዥቃል። አንዱ ኢርፎን ለወፍራሙ ድምፅ 40 ኦም፣ ለቀጭኑ 8 ኦም ነው እንበል። 10 ኦም መውጫ ያለው ማጫወቻ ላይ ስትሰኩት ወፍራሙ ድምፅ ከቮልቴጁ 80 በመቶ ሲደርሰው፣ ለቀጭኑ የሚተርፈው 44 በመቶ ነው። ይህ የ5 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ልዩነት ነው፤ ለመስማት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የማጫወቻው መውጫ 1 ኦም ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ 1 ዴሲቤል እንኳ አይሞላም ነበር።

እኔ ይሄ የገባኝ በበገና ነው። በገና ያ ዝዝታው የሚመጣው ከየአውታሩ ሥር ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ ከእንዝራዋ ነው። ከጓደኛዬ በተዋስኩት አሮጌ ማጫወቻ ስሰማው ዝዝታው ጋቢ የተጣለበት ያህል ታፈነ። ኢርፎኔ ሞተ ብዬ ነበር። ስልኬ ላይ ስሰካው እንዝራዋ ተመለሰች። ጥፋቱ የአሮጌው ማጫወቻ መውጫ ነበር።

መመሪያው ቀላል ነው፤ የማጫወቻው ኦም ከኢርፎኑ ኦም አንድ ስምንተኛ አይብለጥ። ኢርፎኑ የሚዋዥቅ ከሆነ ዝቅተኛውን ቁጥር ያዙ።

«በስልክና በዶንግል የሚሰማ ነገር ሙዚቃ አይባልም»

ዶንግል ኢርፎንን ከስልኩ የቻርጅ መሰኪያ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ገመድ ነው። የአፕል ዩኤስቢ ሲ ዶንግል አሜሪካ ውስጥ 9 ዶላር ነው። መውጫው 1 ኦም አካባቢ ሲሆን፣ ድምፁ ሲለካም ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ አንዱን አያጎላም፣ ሌላውን አያደበዝዝም። ድክመቱ ጉልበት ነው። ከ1 ቮልት ብዙ ስለማያልፍ እንደ ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ያለ ባለ 300 ኦም ሄድፎን ላይ ትንፋሹ ያጥራል። ውጭ ያለ ዘመድ እንዲልክላችሁ የምታስቡ ከሆነ ደግሞ፣ አውሮፓ የሚሸጠው ጉልበቱ ተቀንሶ የተሠራ ነው። አንዳንድ አንድሮይድ ስልክ ላይም ድምፁ ዝቅ ብሎ ይቀራል። ለብቻው የሆነ ማጫወቻ መግዛት የሚያዋጣው ለጉልበት፣ ለባትሪና ለሚሞሪ ካርድ ነው፤ ስልክ እየጠራ እንዳይረብሻችሁም ጭምር።

«24 ቢት፣ 192 ኪሎ ሄርዝ ካልሆነ አልሰማም»

እነዚህ ቁጥሮች ድምፁ ፋይሉ ላይ ምን ያህል በዝርዝር እንደተመዘገበ የሚናገሩ ናቸው። ሲዲ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 16 ቢትና 44.1 ኪሎ ሄርዝ ነው። ይህ እስከ 22,000 ሄርዝ ገደማ ይይዛል። ጆሮ የሚያበቃው 20,000 ላይ ነው፣ ያውም የልጅ ጆሮ። ከቴሌግራም ያወረዳችሁትን ባለ 128 ኪሎ ቢት ኤምፒ ስሪ ወደ ፍላክ (ከድምፁ ምንም ሳይጥል ወደሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) መቀየርም ካርዱን ይሞላዋል እንጂ የጠፋውን አይመልስም።

«ጎን ለጎን በጆሮዬ ሰምቼ ነው የመረጥኩት»

ይሄ ነው ብልጡንም የሚሸውደው። አንደኛው ማጫወቻ በ1 ዴሲቤል ቢበልጥ «ጮኸብኝ» አትሉም፤ «ይሄኛው ጥርት ይላል» ነው የምትሉት። ስለዚህ ከማወዳደራችሁ በፊት ቮሊዩሙን አመጣጥኑ። ሙልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያለው ሰው አንድ ዓይነት የሙከራ ድምፅ በሁለቱም እያጫወተ ኢርፎኑ እንደተሰካ ቮልቴጃቸውን እኩል ማድረግ ይችላል።

ያ የሱቁ ልጅ ሁለት ማጫወቻ ነበር ያሰማኝ። ሁለተኛውን ከማቀበሉ በፊት በአውራ ጣቱ ቮሊዩሙን ሁለት ጊዜ ጫን ጫን ሲያደርግ አይቼዋለሁ። ዋጋው ውድ የሆነው እሱ ነበር።